አጥር የሌለው የመቱ በር

በነገሩ ውስጥ የነበርነው አምስት ሰዎች ነን። አንደኛው በሩን ያሠሩት ቀኛዝማች ዘውዴ ናቸው። ሁለተኛው በሩን የገነባው ግሪካዊው ሙሴ ያኒ ነው። ሦስተኛው ከያዮ በኩል ቡናና ማር እየጫነ መቱና ጎሬ የሚሸጠው ወዳጄ ኦቦ ገመዳ ነው። አራተኛዋ የገመዳ ሚስት አዴ ጫልቱ ናት። አምስተኛው እኔ መንገሻ ነኝ፤ ያኔ የቀኛዝማች ጸሐፊና አስተርጓሚ ነበርኩ። ከአምስቱ ዛሬ በሕይወት ያለሁት እኔ ብቻ ስለሆንኩ፣ ነገሩን አሳምሬ ብጽፈው የሚከራከረኝ የለም። ልጆቼ፣ ይህን አውቃችሁ አንብቡ። ብቻውን የቀረ ምስክር መጠርጠር አለበት፤ እኔንም ጠርጥሩኝ።

ይህን ሁሉ የቀሰቀሰብኝ ትልቁ ልጄ ከጀርመን አገር የላከው ፎቶግራፍ ነው። ካፖርት ለብሶ፣ እጁን ኪሱ ከትቶ፣ ከአንድ ታላቅ በር ፊት ለፊት ቆሟል። በሩ እንደ ደን ዛፍ የተሰለፉ ዓምዶች አሉት፤ በአናቱ ላይ አራት ፈረሶች ሰረገላ ይጎትታሉ። እናቱ ያየችው ልጇን ነው፤ ከስቷል አለች። እኔ ያየሁት በሩን ነው። ያን የሚያህል በር ተሠርቶ በሥሩ የሚያልፍ አንድ ሰው እንኳ የለም። መነጽሬን አድርጌ ደግሜ ባየው፣ ከዓምዶቹ ፊት ዝቅ ያለ ግንብ ጋርዶታል። ወዲያው ጻፍኩለት፤ የለበስከው ካፖርት የማን ነው፣ በዚያ በር ሰው የማያልፈው ለምንድን ነው፣ ጠባቂውስ የቆመው የት ነው ብዬ። ስለ ካፖርቱ ቶሎ መለሰልኝ፤ ያገለገለ ገዝቶ ነው። ስለ በሩ ግን መልሱ ዘገየ። እኔም እስኪመጣ ድረስ ሌሊቱንም ቀኑንም ያን በር ሳስብ ከረምኩ፤ ምክንያቱም ያን በር አውቀዋለሁ። ከአርባ ዓመት በፊት መቱ ላይ፣ በቀኛዝማች ዘውዴ እጅ፣ በፖስታ ሥዕል ላይ አይቼዋለሁ።

የዚያን ጊዜዋ መቱ አሁን እንደምታዩዋት አልነበረችም። ቆርቆሮ የለበሰው ቤት በጣት የሚቆጠር ነበር፤ የቀረው ሣር ነው። ከገበያው በላይ ባለው ዋርካ ሥር ጨው ሻጮች፣ ከዋርካው ማዶ ማር ሻጮች፣ ወደ ሶር ወንዝ በሚወርደው ቁልቁለት አፋፍ ላይ ደግሞ አቡጀዲና መርፌ ይዘው ከጎሬ የሚመጡ ነጋዴዎች ይቀመጡ ነበር። ሙክት በግ በአንድ ብር ይገዛል። ብሩም የሴትዮዋ መልክ ያለበት ከባዱ ብር ነው፤ ሻጩ ድንጋይ ላይ ጥሎ ጩኸቱን ሳያዳምጥ ኪሱ አይከተውም። አዲስ አቡጀዲ የለበሰ ሰው ሲያልፍ ጨርቁ ገና ስላልታጠበ እንደ ወረቀት ሲንኮሻኮሽ ከሩቅ ይሰማል፤ ሴቶቹም «ዛሬ ማንን ሊያታልል ነው» ይባባላሉ። ጸሐፊ ስለነበርኩ እኔ ካኪ ኮት ነበረኝ፤ ክርኑ ላይ ተጥፏል፣ አዝራሮቹ ግን ሙሉ ናቸው። አማርኛውና ኦሮምኛው በአንድ ሰው አፍ ውስጥ እየተቀላቀለ፣ በአማርኛ የተጀመረ ጨረታ በኦሮምኛ ይዘጋ ነበር። አሁን ልጆች ያን ገበያ በስፍራው የቆመው የአውቶቡስ መናኸሪያ ብቻ አድርገው ያውቁታል። ዋርካው የቆመበትን ቦታ ባሳያቸው አይናቸው ሌላ ሌላውን ያያል።

ቀኛዝማች ዘውዴ ከአንድ ትልቅ ሰው አጃቢዎች ጋር ባሕር ተሻግረው የፈረንጆችን ከተሞች ያዩ ሰው ነበሩ። ሲመለሱ ይዘው የመጡት ሦስት ነገር ነው፤ ጥቁር ባርኔጣ፣ የሆድ ሕመምና በሐር ጨርቅ የተጠቀለሉ የፖስታ ሥዕሎች። አንድ ቀን የአገሩን ሽማግሌዎችና ነጋዴዎች አዳራሻቸው ሰብስበው ሥዕሎቹን ከእጅ ወደ እጅ አስዞሩ። በአንዱ ሥዕል ላይ አሥራ ሁለት መንገዶች የሚገናኙበት አደባባይ መሃል ላይ የቆመ በር አለ፤ በሆዱ የጦር አለቆች ስም ተቀርጾበታል አሉ። ሌላው የጥንት የሮም ነገሥታት በር ነው፤ ከድንጋዩ ላይ የተማረኩ ሰዎች እጃቸው እንደታሰረ ይታያሉ። ሦስተኛው ባለ አራት ፈረሱ ነው። እኔ መሃል ቆሜ ወደ ኦሮምኛ እየመለስኩ ነበር። ከአዲስ አበባ ትልቅ ሰው ሊጎበኘን ስለሚመጣ እንዲህ ያለ በር መቱ መግቢያ ላይ ይሠራል፣ ድንጋይና ጉልበት ከእናንተ ነው ሲሉ፣ ሥዕሉን በእጁ ይዞ የነበረው ገመዳ ቀና አለ።

«ጌታዬ፣ አጥሩ የት አለ?» አላቸው።

«አጥር የለውም።»

«ታዲያ በጎኑ ማለፍ እየተቻለ ሰው ለምን በበሩ ያልፋል?»

«ለክብር ነዋ» አሉ ቀኛዝማች።

ገመዳ ሥዕሉን አገላብጦ ጀርባውን ሁሉ አየና፣ «ጭነት የያዘ ሰው ክብር አይፈልግም፤ አጭር መንገድ ነው የሚፈልገው» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ቀኛዝማችም አብረው ሳቁ። ገመዳ ግን ጥያቄውን ይዞ አልቀረም። የመጣለትን የሚናገር፣ ከተናገረ በኋላ የሚረሳ ሰው ነበር። ጥያቄውን ይዤ የቀረሁት እኔ ነኝ።

በኛ አገር በመንገድ ላይ የሚቆም በር አንድ ዓይነት ብቻ ነው፤ እሱም ኬላ ነው። ከያዮ ተነስቶ በጎሬ በኩል ወደ ባሮ ወደብ የሚወርድ ቡና በየኬላው ይፈታል፣ ይመዘናል፣ እንደገና ይታሰራል። ዘበኛው ለቅምሻ ብሎ እጁን ጆንያ ውስጥ ይሰዳል። በቅሎው ደህና ከሆነ ደግሞ ለመንግሥት ሥራ ይፈለጋል ተብሎ ሳምንት ይታገታል። ይህን ያየ ሰው ስለ ክብር ሲነገረው አያምንም። እኔም አላመንኩም፤ ከሁሉም በላይ አላመንኩም። ምክንያቱን ልንገራችሁ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ከመምህር እግር ሥር ተቀምጬ አይደለም። ከጆንያ ላይ ጽሕፈት፣ ከመቃብር ድንጋይ፣ ነጋዴ ከጣለው ወረቀት እየለቀምኩ ነው። ብቻውን የተማረ ሰው መምህሩም ተማሪውም ራሱ ስለሆነ፣ ሲሳሳት የሚቆጣው የለም። ሌላው ሰው ያላየውን ያየ ይመስለዋል። በሁሉም ነገር ሥር የተደበቀ ሌላ ነገር ይፈልጋል። እኔም ጥርጣሬዬን እንደ ዕውቀት ቆጥሬ ኮርቼበት ነበር።

ሥራው ሲጀመር ጥርጣሬዬ ምግብ አገኘ። በሩ እንዲቆም የተመረጠው ቦታ ከሶር መሻገሪያ ወደ ገበያው የሚወጣው ጠባብ መንገድ ነው፤ ግራው ገደል፣ ቀኙ ቀጥ ያለ አቀበት። አጥር ባይኖረውም አጥሩን እግዜር ሠርቶለታል ማለት ነው። ስፋቱንም በገመድ ለካሁ፤ ሁለት የተጫኑ በቅሎዎች ጎን ለጎን አያልፉም። ሙሴ ያኒን ለምን አጠበብከው ብዬ ብጠይቀው፣ እዚህ ያለው አለት ብቻ ነው መሠረት የሚሸከም፣ ኖራውም ከሩቅ በበቅሎ የሚመጣ ስለሆነ ከዚህ በላይ አያዳርስም አለኝ። መልሱ ደህና መልስ ነበር። እኔ ግን በደህና መልስ የምጠግብ ሰው አልነበርኩም።

ያኒ ስምንት ዓመት ጎሬ ኖሮ የነጋዴዎቹን መጋዘኖች የገነባ፣ እጁ ሁልጊዜ ኖራ የለበሰ፣ ዝምተኛ ሰው ነው። አማርኛ የተማረው ከጭቃ አቡኪዎችና ከድንጋይ ተሸካሚዎች ስለሆነ፣ ቀኛዝማችንም አህያ ነጂውንም እኩል «አንተ» ይል ነበር። ቀኛዝማች መጀመሪያ ተቆጥተው፣ በኋላ ለመዱት። የቅስቱን፣ የጎበጠውን የበሩን አናት፣ ቅርጽ በዋንዛ እንጨት አስቀድሞ ሠርቶ አቆመና ድንጋዮቹን በእንጨቱ ላይ ከሁለት በኩል ወደ መሃል መደርደር ጀመረ። ርጥብ ኖራ የሚሸት ቦታ ዛሬም ሳልፍ ያ ሰሞን ይመጣብኛል። ድንጋይ የሚያቀብሉት ሰዎች በየቀኑ አዲስ ግጥም ያወጡ ነበር፤ ከሁሉም የማልረሳው ይህን ነው፦

አጥር ሳያጥር በር ያቆመ ሰው፣
አሳልፋለሁ ሲል ማንን ሊይዝ ነው።

ዜማው ደስ ይል ነበር። ቀኛዝማች በበቅሏቸው ሲያልፉ ድምፃቸውን ይቀንሱና፣ ካለፉ በኋላ እንደገና ያነሡታል።

በዚያ ዓመት ዝናቡ ኅዳር ገብቶም አላቆመም። በአንድ የገበያ ቀን ያኒ ሥራው እንዴት እንደሆነ ብጠይቀው፣ በእንጨቱ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ «ቁልፍ ገና የለም። በሚመጣው ሐሙስ ቁልፍ ይገባል። ቁልፍ ከገባ፣ በቃ። ማንም አይነቀንቀውም» አለኝ። ለወራት የጠረጠርኩትን ሰውየው ራሱ በአፉ አወጣው ብዬ ደስ አለኝ፤ ደስታዬን አልክድም። ቀጥታ ወደ ማር ተራ ሄጄ ገመዳን ለብቻው ጠርቼ ነገርኩት። በኦሮምኛ «ፉርቱ» አልኩት፤ በር የሚዘጋበት የብረት ቁልፍ ማለት ነው። ፉርቱው ሐሙስ ይገባል አልኩት።

ገመዳ በዚያ ሰሞን ትልቋን ልጁን ሊድር ነበር። የሠርጉ ተስፋ ሁሉ ያለው ጎሬ በሚሸጠው የአራት በቅሎ ጭነት ቡና ላይ ነው። ቡናው ደግሞ በዝናቡ ምክንያት አልደረቀም፤ ከሐሙስ በፊት መነሳት አይችልም። ይህን ሁሉ ቆሞ አሰበና፣ «አንተ በዓይንህ አይተሃል?» አለኝ።

«ሙሴው ራሱ ነው የነገረኝ።»

«እንግዲያው እውነት ነው። አንተ ፊደል ታውቃለህ፤ አንተ ቁልፍ ካልክ ቁልፍ ነው።»

እሱ አልጠረጠረኝም። ያ ሁሉ ሰው ሁሉን ሲጠረጥር፣ መጠርጠር የነበረበትን አንዱን ሰው ማንም አልጠረጠረም። ወሬው በዚያው ቀን ገበያውን አዳረሰ፤ የያዮ ቡና ጫኞች ከሐሙስ ጀምሮ በበሩ ላያልፉ፣ ከታች ባለው መሻገሪያ ሶርን ተሻግረው መቱን ወደ ጎን ትተው ጎሬ ሊወጡ ተማከሩ። የታችኛው መሻገሪያ በበጋ የበቅሎ ጉልበት የማይደርስ ውኃ ነው። በጋ ግን አልነበረም።

ረቡዕ ጠዋት ያኒ ዘንድ ሄድኩ። መሬት ላይ ተቀምጦ ከላይ የሰፋ ከታች የጠበበ ድንጋይ ይጠርባል፤ በፊቱም ላይ መስቀል እየቀረጸበት ነበር። ምንድን ነው ብዬ ብጠይቀው ቀና ሳይል፣ «ይሄ ቁልፍ» አለኝ። የቱ? «ይሄ ድንጋይ። ግራ ይገፋል፣ ቀኝ ይገፋል፣ እሱ መሃል ገብቶ ሁሉን ይይዛል። በኛ አገር ቁልፍ እንለዋለን።» መጀመሪያ ሳቅሁ። ከዚያ ገመዳ ትዝ አለኝ። ገበያተኛው ሁሉ የብረት ቁልፍ መስሎታል አልኩት።

መዶሻውን አስቀመጠ። «ማን ነገረው?»

«እኔ።»

«ታዲያ ሂድ፣ ንገር።»

«ነገ ከገበያ ሲሰበሰቡ እነግራቸዋለሁ» አልኩት።

አሁን የምጽፈውን መጻፍ ነው ያስቸገረኝ፤ የቀረው ቀላል ነው። የገመዳ ቤት የግማሽ ቀን መንገድ ነው። በቅሎዬ ተጭና ቆማለች። ፀሐይዋም ገና ከፍ እያለች ነበር። አልሄድኩም። ስንፍና አይደለም፤ ኀፍረት ነው። ፊደል ያውቃል የተባለ ሰው ድንጋይን ከብረት አልለየም እንዳይሉኝ ፈራሁ። ኀፍረቴን ደግሞ በጥርጣሬ ሸፈንኩት፤ ዛሬ የድንጋይ ቁልፍ ይሁን፣ ነገ የብረቱ መምጣቱ አይቀርም ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ልጆቼ፣ ሰው ማድረግ የሚገባውን ለመተው ሲፈልግ እንደ ጥርጣሬ የሚረዳው ነገር የለም።

ሐሙስ ጠዋት ቁልፉ ድንጋይ በገመድ ተሳበና መሃል ገባ። ያኒ በመዶሻ ሦስት ጊዜ መታው፤ ድምፁ እንደ ደህና ብር ጠራ። ቀኛዝማች ባርኔጣቸውን አነሡ። ሰዎቹ እልል አሉ። ገበያው ግን አልሞላም፤ ማር ተራው ባዶ ነበር። እኩለ ቀን ሳይሞላ ከታችኛው መሻገሪያ ሰው እየሮጠ መጣ። ገመዳ መሪዋን በቅሎ ይዞ ገብቶ ነበር አሉ፤ ገመዱን በእጁ ጠምጥሞት ስለነበር ውኃው በቅሎዋን ሲወስዳት እሱንም ወሰደው። ሁለተኛዋም ከጭነቷ ጋር ሄደች። ገመዳን በሦስተኛው ቀን ታች አገኙት፤ ገመዱ አሁንም እጁ ላይ ነበር። ቀብሩ ላይ ጫልቱ አላየችኝም፣ ወይም አይታኝ ዝም አለች። የትኛው እንደሆነ አላወቅሁም፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ እሷን ባየሁ ቁጥር ታውቃለች ወይስ አታውቅም እያልኩ እጠረጥር ጀመር።

ቀኛዝማች አዝነው ነበር፤ ለቀብሩ በሬ ሰጥተዋል። ነገር ግን ለቅሶው ሲያልፍ ሌላ ሐሳብ ገባቸው። «የሚደብቁት ነገር ባይኖር በሩን ትተው በወንዝ ለምን ሄዱ?» አሉኝ። ድንጋይን ቁልፍ ማለት የሙሴው ቋንቋ እንደሆነ፣ ስህተቱ የኔ እንደሆነ አልነገርኳቸውም። በሳምንቱ ሁለት ዘበኛ ከበሩ ሥር ቆመ። ወር ሳይሞላ ከግራ ዓምድ ወደ ቀኝ ዓምድ ሰንሰለት ተዘረጋ፤ ሰንሰለቱም ቁልፍ ነበረው፣ የብረት። ኬላ አይደለም ተብሎ የተሠራው በር፣ ኬላ ነው ተብሎ ስለተፈራ ኬላ ሆነ። ጸሐፊ ያስፈልጋል ተባለ። ፊደል የሚያውቀው እኔ ነኝ። ሚስት አግብቼ ስለነበርና ደመወዙ ደህና ስለነበር እሺ አልኩ። የሚመጣው ትልቅ ሰው ዛሬ ነገ ሲባል ሳይመጣ ቀረ። ያኒም ዕቃውን ሰብስቦ ወደ ጋምቤላ ወረደ፤ ሊሰናበተኝ አልመጣም።

የልጄ ሁለተኛ ደብዳቤ የመጣው ባለፈው ሳምንት ነው። «አባባ፣» ይላል፣ «ጠባቂው የት ነው ብለህ ስለጠየቅኸኝ ተገርሜ ሰው ጠየቅሁ። ይህ በር ድሮ ሲሠራ በከተማዋ ዙሪያ የነበረው የቀረጥ ግንብ አንዱ በር ነበር። ገበሬው ወደ ከተማ ዕቃ ሲያስገባ እዚያ ይፈተሽ ነበር። በኋላ ግንቡ ፈረሰ፤ በሩ ለክብር ቀረ። አሁን ደግሞ አገሩ ለሁለት ስለተከፈለ ማንም አያልፍበትም፤ ተዘግቷል።» ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ቀኛዝማች ያን በር በዓይናቸው አይተው ክብር ብቻ ነው ያሉት፤ ገመዳ በወረቀት ላይ አይቶ አጥሩ የት አለ አለ። ባሕር ያልተሻገረው ነው ትክክል የጠየቀው። ይህ ግን እኔን አያድነኝም። በርሊን ላይ እውነት የሆነው ነገር መቱ ላይ ያን ረቡዕ ውሸት ነበር፤ ውሸት መሆኑንም አውቅ ነበር።

በሩ አሁን የለም። ጣልያን ገብቶ መንገዱን ሲያሰፋ፣ ካሚዮን አላሳልፍ አለ ተብሎ ፈረሰ፤ ድንጋዩ የት እንደተወሰደ አላውቅም። ከመፍረሱ በፊት ግን ብዙ ዓመት ሠራ፤ እኔም ከሥሩ ባለችው ዳስ ተቀምጬ ብዙ ደረሰኝ ጻፍኩ። ለባለሟልም ለደሃም፣ ለባለ ብዙ በቅሎም ለባለ አንድ አህያም፣ የእያንዳንዱ ጭነት ቀረጥ እኩል ነበር፤ አንድ ተሙን፣ የብር አንድ ስምንተኛ።

ገመዳ በሞተ በዓመቱ አዴ ጫልቱ መጣች። ከተረፉት በቅሎዎች አንዷን ራሷ እየሳበች፣ አንድ ጭነት ቡና ይዛ ከሶር በኩል ዳገቱን ወጣች። ልጅቷ ሳትዳር መቅረቷን ሰምቼ ነበር። ዘበኞቹ ጭነቱን ሊፈቱ ሲነሡ ተዉት አልኳቸውና ከዳሴ ወጣሁ። እንድታልፍ ሰንሰለቱን ራሴ አነሣሁ። እሷ ግን ከበቅሎዋ ጋር ቆመች፤ አላለፈችም።

ዓመት ሙሉ የያዝኩትን ያን ጊዜ አወጣሁት። «አዴ ጫልቱ፣ እኔ ረቡዕ ዕለት ድንጋዩን አይቼው ነበር» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለችኝ። «ያኒ ከመሄዱ በፊት ቤቴ መጥቶ ነግሮኛል። እሱ አለቀሰ።»

ሌላ ነገር ትላለች ብዬ ጠበቅሁ። ትራገመኛለች፣ ትጮኻለች፣ ሰው ትሰበስብብኛለች ብዬ ጠረጠርኩ። እሷ ከነጠላዋ ጫፍ ቋጠሮዋን መፍታት ጀመረች።

«የሰው ሁሉ ስትቀበል የኔን የምትተወው ለምንድን ነው? ሥራህን ሥራ» አለችኝ። «ስንት ነው?»

«አንድ ተሙን ነው» አልኳት።